ሰጋር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግን "ትንሽ ያስቸግራል"፦ ይገዛ ወይስ ይለፍ?

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይም ሆለታ አካባቢ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ግቢው ሰፋ ካለ ሦስት ነገር ያምረዋል። መጀመሪያ ዶሮ፣ ከዚያ ላም፣ ከዚያ ፈረስ። ዶሮና ላሙን ሌላ ሰው ይጻፍበት። ፈረስ እንዳማረው ሰፈር ውስጥ ከተሰማ ግን ደላላ መደወሉ አይቀርም። "ጋሼ፣ ሰጋር አግኝቼልሃለሁ፣ ዋጋው የሌላው ግማሽ ነው። ትንሽ ብቻ ያስቸግራል፣ ሁለት ሳምንት ብትይዘው በግ ይሆናል።"

ሰጋር ማለት ጋላቢውን ሳያነጥር የሚሄድ ፈረስ ወይም በቅሎ ነው። እዚህ የምንነጋገረው ግን ስለዚያች "ትንሽ ብቻ" ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እንደገና መገራት የሚፈልግ ርካሽ ሰጋር ፈረስ ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል፣ የረከሰበትን ምክንያት ካወቃችሁ፣ ምክንያቱ ሰው ያመጣው ከሆነ፣ ደግሞም የሚያርመው ሰው በየቀኑ አጠገቡ የሚኖር ከሆነ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሌላውን አማራጭ ውሰዱ። አማራጭ ደግሞ አለ፦ ዋጋው ከበድ የሚል ግን የተገራ ሰጋር ፈረስ፣ ሰጋር በቅሎ፣ ወይም ጭራሽ ሳይገዙ በኪራይ መጋለብ።

መጀመሪያ አካሄዱን እንየው፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ለሱ ስለሆነ። የሚሰግር ፈረስ አራቱን እግሮቹን ተራ በተራ ነው የሚያሳርፈው። ጠጠር መንገድ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብታዳምጡ አራት የተስተካከለ ምት ትሰማላችሁ። ከሱሉልታ ተነስታችሁ ጫንጮ ስትወርዱ ወገባችሁ የናንተው እንደሆነ ነው። ሶምሶማ ግን ሁለት ምት ነው፤ የፊት ግራ ከኋላ ቀኝ ጋር፣ ከዚያ ተቃራኒው። ለማያውቅበት ሰው ኮርቻው ከታች እየመታው ይሄዳል።

ሦስተኛም አለ፣ ገበያ ላይ ተጠንቀቁ የምላችሁ ይሄኛውን ነው። የግራ ሁለቱን እግር አንድ ላይ፣ የቀኝ ሁለቱን አንድ ላይ የሚጥል። ከሩቅ ሲያዩት ሰጋር ይመስላል፣ ጋላቢው አይነጥርም። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ግን ሰውየው ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ነው፣ ምቱም አራት ሳይሆን ሁለት ነው። "ያስቸግራል" ከተባሉት ሰጋሮች ብዙዎቹ እዚህ ውስጥ የወደቁ ናቸው። ፈረሱ ሲፈራ፣ አፉን ሲያመው፣ ጀርባው ሲገተር አራቱ ምት ይጠፋና ሁለት ይሆናል። ይሄ የሚስተካከል ነገር ነው።

የመስገር ችሎታው ራሱ ግን በአብዛኛው ከዘር የሚመጣ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የስዊድን ኡፕሳላ ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን የአይስላንድ ፈረሶችን ሲያጠና ዲኤምአርቲ3 በሚባል ዘረመል ላይ ያለ ለውጥ ከመሰል ልዩ አካሄዶች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። እኛ ገበያ ላይ ዘረመል አንመረምርም። ለገዢ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ይሄ ነው፦ ፈረሱ ድሮ ይሰግር ከነበረ ሥልጠና ይመልሰዋል፤ ሰግሮ የማያውቀውን ግን ባልደራስ (የፈረስ አሰልጣኝ) ተቀጥሮም ሰጋር አያደርገውም። ስለዚህ ኮርቻና ልጓም ወልቆለት ሜዳ ላይ እንዲለቀቅ ጠይቁ። ከኋላው አንድ ሰው ቀስ ብሎ ይንዳው። ለጥቂት እርምጃ እንኳ አራቱን ምት ካሳያችሁ፣ ያ ፈረስ ልታወሩበት የሚገባ ፈረስ ነው። በዝግታ ሲሄድ እርምጃ፣ ሲፈጥን ቀጥታ ሶምሶማ፣ ሲገፋ ደንገላሳ (ሩጫ) ብቻ ከሆነ፣ ሰጋር ተብሎ የተጨመረውን ዋጋ አትክፈሉ። ልቅ ሲሆን የማይሰግር፣ ሰው ሲቀመጥበት የሚሰግር ፈረስ የለም አልልም። ችግር ያለበት ፈረስ ስትገዙ ግን ሁለት ነገር በእምነት መቀበል አያስፈልግም።

አሁን ወደ አፉ። ሻጩ ራሱ ከንፈሩን ገልጦ ያሳያችሁ፣ እጃችሁን እናንተ አታስገቡ። ፈረስ ሁሉንም የፊት ጥርሶቹን ቀይሮ የሚጨርሰው 5 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። መካከለኞቹ በ2 ዓመት ተኩል፣ ቀጥለው ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል ይወጣሉ። በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድድ የሚወርድ ጥቁር ቦይ ከታየ 10 ዓመት አካባቢ ደርሷል፣ ቦዩ ጥርሱን አጋማሽ ካለፈ 15ን ተሻግሯል። "ሰባት ዓመቱ ነው" የተባለ ፈረስ ረጅም ቦይ ይዞ ሲገኝ ሻጩ ሌላውን ነገር እንዴት እንደነገራችሁ መገመት ነው። ከዚያ የምላሱን ጎንና ጥርስ የሌለበትን የድድ ክፍል እዩ፣ ልጓም የሚያርፈው እዚያ ነው። ጠባሳ ወይም የደነደነ ሥጋ ካለ፣ በአገጩ ሥር ደግሞ ፀጉር ያልበቀለበት መስመር ካለ፣ ፈረሱ ዛብ (ከልጓሙ ወደ ጋላቢው እጅ የሚመጣው ጠፍር) በተነካ ቁጥር አንገቱን ሰማይ የሚሰቅልበት ምክንያት ተገኘ። አገጭን የሚያንቀው ቀለበት ያለው የድሮ ልጓም በሚያውቅበት እጅ ላይ ችግር የለውም፣ ጉልበቱን በሚያሳይ ጎረምሳ እጅ ላይ ግን አፍ ይበላል። የመንጋጋ ጥርስ ሹል ሆኖ ጉንጩን የሚቆርጠውም አለ፣ ያንን የእንስሳት ሐኪም ሞርዶ ያስተካክለዋል። እንዲህ ዓይነቶቹ ርካሽ ፈረሶች ናቸው የሚያዋጡት።

ጀርባውም እንዲሁ። በትከሻው ጉብታ ላይና ኮርቻ በሚያርፍበት ቦታ ክብ ክብ ነጭ ፀጉር ካያችሁ ድሮ ተገጥቦ (ኮርቻ አቁስሎት) ድኗል ማለት ነው። በሁለት ጣት አከርካሪውን ተከትላችሁ ከትከሻ እስከ ወገብ ጫን እያላችሁ ሂዱ። ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ፣ ጀርባውን ካወረደ፣ ዞሮ ሊነክስ ከሞከረ ሕመሙ አሁንም አለ። የማይመጥነው ኮርቻ ያመጣው ከሆነ እረፍትና ሌላ ኮርቻ ይፈታዋል።

እግሩ ላይ ግን አልደራደርም። የሚያነክስ ፈረስ የፊት እግሩ የታመመ ከሆነ ያ እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል። ሲሰግር ይሄ በደንብ ስለማይታይ በዝግታ እርምጃና በሶምሶማ፣ ጠንካራ መሬት ላይ አስኪዱት። ቁልቁለትም ያጋልጣል። ሰኮናው ረዝሞ ተሰንጥቆ ከሆነ ቆራጭ ያስተካክለዋል፣ የሚሸት ጥቁር ነገር ካለበት ከክረምት ጭቃ የመጣ ስለሆነ በማጽዳትና በደረቅ ጋጣ ይድናል። መገጣጠሚያው ያበጠና የሚያነክስ ከሆነ ግን "ሲሞቅ ይተወዋል" የሚለውን አትስሙ።

ሁለት በሽታ ደግሞ በስማቸው ልጥራ። አንደኛው የጋሪ ፈረሶችን በብዛት የሚያጠቃው ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ነው። እግሩ፣ ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች፣ አንዳንዶቹ ፈንድተው መግል የሚያወጡ ካያችሁ፣ በነፃ ቢሰጧችሁም ግቢያችሁ አታስገቡ። ሕክምናው ረጅምና አድካሚ ነው፣ ለሌላ ፈረስም ይተላለፋል። ሁለተኛው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው። ትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች ናቸው የሚያስተላልፉት፣ ዝናቡ ሲያበቃ ይበረታል፣ ያልተከተበ ፈረስ ከያዘው አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። ፈረሱ መቼ እንደተከተበ የሚያውቅ ከሌለ እንዳልተከተበ ቁጠሩት።

የቀድሞ ሥራውም ይጠየቅ። ጋሪ ሲጎትት የኖረ ፈረስ አስፋልት ለምዷል፣ ሲኖትራክ በአጠገቡ ሲያልፍ ጆሮውንም አያነሳም፣ ይሄ በሱሉልታ መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሶምሶማ ውስጡ ገብቷል፣ ዓይኑም በመከለያ ስለኖረ ከኋላው ሰው ሲወጣበት ሊደነብር ይችላል። የጉግስ ፈረስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ደፋር፣ ዞሮ የሚመለስ፣ ሰው ሲሰበሰብና ሆ ሲባል ደሙ የሚፈላ። ለጥምቀት ቀን ግሩም ነው። ለእሑድ ጠዋት ሽርሽር፣ በተለይ ለልጆች፣ ዝግ ማለትን ከዜሮ ልታስተምሩት ነው።

ከጠባይ የማልቀበለው በሁለት እግሩ እየቆመ ወደ ኋላ የሚወድቀውን ነው። የሚራገጥ፣ የሚናከስ፣ ሲይዙት የሚሸሽ፣ ሁሉም ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይገራል። ጋላቢውን ይዞ መውደቅን የተማረ ፈረስ ግን ለባለሙያም አደገኛ ነው። ሻጩ ሆን ብሎ ስለማይነግራችሁ አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። ሳትናገሩ በጠዋት ሂዱ። አንዳንዱ ገዢ ሲመጣ ፈረሱን ከንጋት ጀምሮ ጋልቦ አድክሞ ነው የሚጠብቀው። ኮርቻው ሥር እጃችሁን አስገቡ፣ እርጥብ ከሆነ ወይም ላብ ደርቆ ጨው ከሠራ "ነገ እመለሳለሁ" በሉ። ሳይደክም፣ ከጋጣው ሲወጣ፣ መጀመሪያ ሻጩ ይቀመጥበት። ዛቡን ለቀቅ አድርጎ እንዲያራምደው ጠይቁ። ዛብ አሳጥሮ፣ አንገት አሰቅሎ፣ በአለንጋ እየነካካ ማስገር ማንም ይችላል። ከዚያ ከሌሎቹ ፈረሶች ለይቶ፣ ከቤቱ አርቆ ይውሰደው። ብዙ ችግር የሚወጣው ፈረሱ ከቤት ሲርቅ ነው። ሻጩ ራሱ አልቀመጥም ካለ ጨዋታው አለቀ። ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው።

እሺ፣ ይሄን ሁሉ አለፈ እንበል። አሁን ከሌሎቹ ጋር እናወዳድረው።

ከተገራ ሰጋር ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ የመግዣው ዋጋ ብቻ ይመስላል። ወረቀት አውጡና ደምሩ። የሐኪም፣ የጥርስና የሰኮና ወጪ፣ የሚመጥነው ኮርቻና ለስላሳ ልጓም፣ የባልደራሱ የሦስት ወር ክፍያ፣ ከዚያ መኖ። የደጋ ፈረሶቻችን ትንንሽ ናቸው፣ 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ይፈልጋል። በሦስት ወር 450 ኪሎ፣ አንዱ እስር 15 ኪሎ ቢሆን 30 እስር ነው። ፉርሽካና ገብሱ ለብቻ። የተገራውም ይበላል እርግጥ፣ ግን እየጋለባችሁት ነው የሚበላው። ድምሩ ከተገራው ዋጋ ጋር ከተቀራረበ ሳታመነቱ የተገራውን ግዙ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ብቻ ነው የርካሹ ነገር ትርጉም የሚኖረው። የሱሉልታ ድርቆሽ ታጭዶ በሚከመርበት ጥቅምትና ኅዳር ላይ የገዛ ሰውና ሰኔ ላይ የሚፈልግ ሰው የሚያወጡት አንድ አይደለም፣ ስለዚህ ወሩንም አስቡበት። ወሩ ለሥልጠናም ይገባል፦ ክረምት ላይ ሜዳው ውሃ ያቁራል፣ ጥቁሩ አፈር ከሰኮና ጋር ይጣበቃል፣ ፈረሱም ያዳልጠዋል። ከመስከረም በኋላ መጀመር ይሻላል።

ሰጋር በቅሎን ብዙ አዲስ ገዢ ይረሳታል፣ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። አያቶቻችን መኳንንቱ ሳይቀሩ ለሩቅ መንገድ የሚቀመጡት በበቅሎ ነበር፣ ፈረሱ ለጦርነትና ለጉግስ ነበር። ሰኮናዋ ጠንካራ ነው፣ ዳገት ቁልቁለት ላይ እግሯን አይታ ነው የምታስቀምጠው፣ ዕድሜዋ ከፈረስ ይረዝማል፣ የአፍሪካ ፈረስ በሽታንም ከፈረስ በተሻለ ትቋቋማለች። ጥሩ ሰጋር በቅሎ ርካሽ አይደለችም፣ ብዙ ጊዜ ከፈረስ ትበልጣለች። ግን ከእንጦጦ ጀርባ ያለውን ዳገት በዝግታ መውጣትና መውረድ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ የኔ ምርጫ እሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ፦ የተበላሸች በቅሎ ርካሽ ስለሆነች አትግዙ። በቅሎ የተበደለችውን አትረሳም፣ ማረሙ ከፈረስ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ኪራይ ላይ ብዙ አልልም። ፈረስ ላይ ተቀምጣችሁ የማታውቁ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። እንጦጦ ፓርክም ሆነ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያስጋልቡ ቦታዎች አሉ። እናንተም ፈረሱም የማታውቁ ከሆናችሁ ከሁለት አንዳችሁ ትጎዳላችሁ። ዛብ አያያዝና ሚዛን መጠበቅ እስክትለምዱ በሰው ፈረስ ተማሩ።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ሥልጠናው ምን እንደሚመስል እወቁ፣ ምክንያቱም ብዙዎች የሚያፈገፍጉት እዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አይጋለብም። ሐኪም ያየዋል፣ ሰኮናው ይቆረጣል፣ ጀርባው ያርፋል፣ በገመድ ብቻ መመራትን፣ መቆምን፣ እግር ማንሳትን ይማራል። ቀጥሎ በለስላሳ ልጓምና በላላ ዛብ ረጅም የዝግታ እርምጃ፣ በየቀኑ፣ ፍጥነት ሳይጠየቅ። አሰልቺ ነው። ግን የሚጠነክረው በዚህ ነው፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን ማላላት ሲጀምር አራቱ ምት ቀስ በቀስ ብቅ ይላል። የግራ ሁለቱን፣ ከዚያ የቀኝ ሁለቱን እግር አንድ ላይ እየጣለ የሚሄድ ከሆነ አጣናዎች መሬት ላይ በእርምጃው ልክ አራርቃችሁ አጋድሙና በላያቸው አራምዱት፣ እያንዳንዱን እግር ለየብቻ ለማንሳት ይገደዳል። ለስላሳ ዳገትም ይረዳዋል። ወደ ሶምሶማ የሚያደላ ከሆነ ደግሞ በጣም ትንሽ ቁልቁለት ላይ ሞክሩት። ጥቂት ጥሩ እርምጃ ሲያሳይ አቁሙ፣ አሻሹት፣ ለዛሬ በቃ። ምቱ ሲጠፋ በአለንጋ አትግፉት፣ ወደ እርምጃ መልሱትና እንደገና ጀምሩ።

ማን ይቀመጥበት የሚለውም ዋና ነገር ነው። በፈረስ ሥልጠና ዓለም የተለመደው መለኪያ ጋላቢና ኮርቻ ተደምረው ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ አካባቢ እንዲሆኑ ነው። ለ250 ኪሎ ፈረስ ያ 50 ኪሎ ነው። አገራችን ውስጥ ይሄ መለኪያ በየቀኑ እንደሚታለፍ ሁላችንም እናያለን፣ ፈረሶቹም ጠንካሮች ናቸው። ጀርባው ገና ያገገመ ፈረስ ላይ ግን 80 ኪሎ ሰው ከነኮርቻው መቀመጥ የሥራውን ግማሽ ያፈርሳል። ስለዚህ ሥልጠናውን ቀለል ያለ፣ እጁ የለሰለሰ ልጅ ይያዘው። ሰንዳፋና ሱሉልታ አካባቢ ከልጅነታቸው ፈረስ ላይ ያደጉ ጎበዞች አይጠፉም። ስትመርጡ ፈጣኑን ሳይሆን የሱ ፈረስ ሲያየው የማይሸሸውን ምረጡ።

ጋጣውን አትርሱ። ጅብ ማታ የሚወርድበት ሰፈር ከሆነ፣ አብዛኛው ዳር ከተማ ደግሞ እንደዚያ ነው፣ ግንቡ ዝቅ ያለ ወይም በሩ በሽቦ የታሰረ ጋጣ አይበቃም። ፈረሱ ከመምጣቱ በፊት ጋጣው ተሠርቶ ይጠናቀቅ።

ዋጋ ስትነጋገሩ ያያችሁትን አንድ በአንድ ጥሩ፣ የጥርስ፣ የሰኮና፣ የኮርቻ ወጪ ከዋጋው ላይ ይነሳ። ከዚያ ሙሉውን አትክፈሉ። ቀብድ ስጡና ፈረሱን ሐኪም እስኪያየውና ጥቂት ቀን ግቢያችሁ እስኪያድር ቀሪውን አቆዩት። ውሉ ላይ ዕድሜው፣ መልኩ፣ ያሉት ጠባሳዎች፣ ሻጩ የነገራችሁ ጠባይ ይጻፍ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። ካልተስማማችሁ ፈረሱ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስና ቀብዱ ምን እንደሚሆን እዚያው ይስፈር። ሻጩ አረጋዊ ከሆኑ "አባቴ፣ እኔም እርስዎም እንዳንጣላ ነው" ብትሏቸው ብዙውን ጊዜ ይስማማሉ። ደላላው ግን "ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው" ይላል። ይጠብቅ።